የማሰርና የመፍታት ሥልጣን

ልደታ ኮንዶሚኒየም ከገባን ጀምሮ፣ ወር በገባ በአንድ ልደታ ማርያምን የምንዘክርበት የጽዋ ማኅበር አለን። ማኅበርተኛው የድሮው ሰፈር ሰው ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ገሚሱ ወደ ከተማው ዳርቻ ተበተነ፤ የቀረነው ደግሞ እዚሁ ፎቅ ላይ ተደራረብን። የጭቃ ግድግዳ ሲጋራ የኖረ ሰው ደረጃ ቢጋራም ያው ነውና ማኅበሩ አልፈረሰም። ዳቦው ይደፋል፣ ጠላው ይጠመቃል፣ የንስሐ አባታችን መጥተው ይባርካሉ፣ ጽዋው ለባለተራው ይተላለፋል።

ኅዳር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የነበረው ዝክር ግን እንደ ሌላው አልነበረም። ጦርነቱ ከተጀመረ አንድ ዓመት አልፎታል፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ሳምንት ሆኖታል። ከማኅበርተኞቹ አንዷ፣ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት፣ ዐድዋ ተወልደው ልደታ ያረጁ ሴት ናቸው። እኔ «እትዬ» እላቸዋለሁ። ልጅ ሳለሁ እናቴ ሥራ ስትውል ምሳዬን የሚያበሉኝ እሳቸው ነበሩ። የትግራይ ስልክ ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ወዲህ እንደገና ተዘግቶ ስለነበር ዐድዋ ያሉት እናታቸው ይኑሩ ይሙቱ አያውቁም። ያን ምሽት ከሁሉም ዝቅ ብለው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ትይዩአቸው ደግሞ ልጃቸው ግንባር ያለ፣ ድምፁን ከሰሙ ሁለት ወር ያለፋቸው አባት አሉ። የሁለቱም ዓይን ጠላው ላይ ነው።

ጸሎቱ አልቆ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ ከወጣቶቹ አንዱ ተነሣ። «አባ፣ አንድ ነገር እንለምንዎት» አለ። «ጠላትን በልቡ የሚደግፍ ሁሉ፣ እዚህ ማኅበር ውስጥ ያለም ቢሆን፣ የተገዘተ ይሁን ይበሉልን።» ስም አልጠራም። መጥራትም አላስፈለገው። ሰው ሁሉ አንገቱ ወደ በሩ እንዳይዞርበት ሲጠነቀቅ ይታይ ነበር።

አባ ጽዋቸውን አስቀመጡ፤ መስቀላቸውን ከጉያቸው አወጡ። እንግዲህ አንዱን ሊሉ ነው ብዬ ጠበቅሁ። «አቡነ ዘበሰማያት እንበል» አሉ። አልን። አሳረጉ፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ። አላወገዙም። ግን ደግሞ «ይህ ነውር ነው፤ እኚህ ሴት ምን አደረጓችሁ?» አላሉም።

ሮጥ ብዬ ደረጃው ላይ ደረስኩባቸው። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ፊታቸው አይታየኝም።

«አባ፣ አንድ ቃል እንኳ?»

«የትኛውን ቃል ልጄ?»

«ተዉ ማለት ነዋ!»

«ተዉ ካልኳቸው ሁለተኛ እዚህ ፎቅ ላይ የሚያወጡኝ ይመስልሃል? እኔ ካልመጣሁ ደግሞ እሷን ማን ያናዝዛታል?»

«ፈርተው ነው» አልኳቸው። የንስሐ አባቴን እንዲህ ብዬ ተናግሬያቸው አላውቅም።

«አዎ፣ ፈርቻለሁ» አሉኝና ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ ወረዱ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ንስሐ አልገባሁም። ሁለት ቤተሰቦች ደግሞ «አልገዘቱልንም» ብለው የንስሐ አባት ለወጡ። እኚህ ሰው በአንድ ምሽት ዝምታ ከሁለቱም ወገን ምእመን አጡ ማለት ነው።

አቡነ ሰላማን ያገኘኋቸው በዚህ ቂም ውስጥ ሳለሁ ነው። ያውም በእንግሊዝ አገር በኩል ዞሬ። ሜክሲኮ አካባቢ ከአንድ የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝ ታሪክ ገዝቼ ሳገላብጥ ስለ አንድ ጳጳስ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1135 ንጉሥ ሄንሪ ቀዳማዊ ወንድ ወራሽ ሳይተካ ሞተ። ሴት ልጁ ማቲልዳና የእህቱ ልጅ ስቲቨን ዘውዱን ሲጓተቱ አገሪቱ ለ18 ዓመት ያህል በእርስ በርስ ጦርነት ታመሰች። የስቲቨን ታናሽ ወንድም ሄንሪ የዊንቸስተር ከተማ ጳጳስ ነበር። ወንድሙን ለዘውድ ያበቃው እሱ ነው። በ1141 ወንድሙ ሊንከን ላይ ሲማረክ ዞሮ ማቲልዳን ተቀበለ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ደግሞ ወደ ወንድሙ ተመለሰ። በዚያው ዓመት በተደረገው ውጊያ የገዛ ከተማው ዊንቸስተር ነደደች። ይህ ሰው የራሱ ምሽጎች፣ የራሱ ጭፍራ፣ የራሱ ሀብት ነበረው። ይህን ሁሉ ተገላብጦም ሸምግሎ፣ ከመንበሩ ሳይወርድ፣ በ1171 ሞተ።

የእኛው ዘመነ መሳፍንት ትዝ አለኝ። ያኔስ ጳጳሱ የት ነበሩ? አልኩ ለራሴ። ትምህርት ቤት ስንማር የምናውቃቸው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ካሣን ቀብተው ቴዎድሮስ ያሰኙ ጳጳስ። ከዚያ ወዲያ ታሪኩ ከንጉሡ ጋር ይሄዳል፤ ጳጳሱ እዚያው ደረስጌ ማርያም ደጃፍ ላይ ይቀራሉ። እኔም ከዚያ ደጃፍ ላነሣቸው ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

የእኛ ጳጳስ ምሽግ አልነበራቸውም። ጭፍራም ዘመድም አልነበራቸውም። አፋቸውን የፈቱት በዓረብኛ ነው። ኢትዮጵያውያን ከገዛ ሊቃውንቶቻቸው መካከል ጳጳስ እንዳይሾሙ የሚከለክል ድንጋጌ በፍትሐ ነገሥት ውስጥ ገብቶ ስለነበር፣ እስከ 1921 ዓ.ም. ድረስ ጳጳስ የሚመጣው ከግብፅ ነበር። ጳጳሱ ሲሞት ወርቅና ብር ተሸክሞ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ የእስክንድርያውን ፓትርያርክ ለምኖ ሌላ ማምጣት ያስፈልጋል። እስከዚያ ቄስ የሚክን የለም፣ ታቦት የሚባርክ የለም፣ ንጉሥ የሚቀባ የለም። አቡነ ሰላማ ከመምጣታቸው በፊት አገሪቱ ከ10 ዓመት በላይ ያለ ጳጳስ ቆይታ ነበር። የካህናቱ ቁጥር ምን ያህል እንደሳሳ፣ በየአጥቢያው የስንቱ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ እንደታጎለ አንባቢ ይገምተው።

በ1833 ዓ.ም. ወጪውን ችሎ ጳጳስ ያስመጣው የስሜንና የትግራዩ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ነው። ለምን ቢሉ፣ ከበጌምድሩ ራስ ዓሊ ጋር ሊጋጠም ነው። ጳጳስ ያለው መስፍን ሌሎቹ የሌላቸውን አንድ መሣሪያ ታጠቀ ማለት ነው፤ ማሰርና መፍታት የሚችል አንደበት። ከመልእክተኞቹ መካከል ሁለቱን ልብ ይበሉልኝ፤ ኋላ እመለስባቸዋለሁ። አንዱ ጣሊያናዊው የካቶሊክ ሚሲዮናዊ አባ ያዕቆብ (ዩስቲኖስ ደ ያቆቢስ) ነው። ካቶሊክ ሚሲዮናዊ የኦርቶዶክስ ጳጳስ ለማምጣት ግብፅ ድረስ መሄዱ የዚያን ዘመን ውል አልባነት ያሳያል። ሁለተኛው የጎጃሙ መርጡለ ማርያም መነኩሴ፣ አንድ ዓይናው ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ነው።

ፓትርያርኩ የሰጧቸው እንድርያስ የሚባል ለጋ ወጣት ነበር። (ጵጵስና እስኪቀበሉ ድረስ «እሱ» ብላቸው ቅር አይላቸውም።) ካይሮ ውስጥ የእንግሊዝ ፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን በከፈቱት ትምህርት ቤት የተማረ ነው። ሰላማ ተብሎ ተሾመ። አገራችንን በክርስትና ያጠመቁት የመጀመሪያው ጳጳስ ስም ነው፤ ትርጉሙም ያው ሰላም ነው። በ1834 ዓ.ም. ዐድዋ ደረሱ። ከትግራይ ቀጥለው ያዩት ነገር የውቤን ጦር ሰፈር ነው።

ግዝታቸውን የመዘዙት ገና አገሩን ሳይለምዱት ነው። ራስ ዓሊ ከእስላም ወገን ነው ተባለና ጳጳሱ አወገዙት፤ ውቤም ጳጳሱን አስከትሎ ደብረ ታቦር ላይ ገጠመው። የጦርነቱ አፈጻጸም ለቀልድ የሚቀርብ ነው። ዓሊ ሸሸ፤ ውቤ ድል አደረግሁ ብሎ ድንኳኑ ውስጥ ሲጠጣ የዓሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ ደርሶ ማረከው። ጳጳሱም በአሸናፊው እጅ ገቡ። ውቤ ካሣ ከፍሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። ጳጳሱ ጎንደር ተቀመጡ፤ ባወገዙት ሰው ግዛት ውስጥ። የተወገዘው ራስ ዓሊ ከዚያ በኋላ 11 ዓመት ገዛ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆም። የማርያ ትሬዛ ብር ገበያ ላይ በሚሠራበት ዘመን ሻጩ ብሩን ሲቀበል አገላብጦ የንግሥቲቱን ጌጥ ይመረምር ነበር ይባላል። ጌጡ የተፋቀ ከሆነ ብሩ ብር ቢሆንም አይቀበለውም። የጳጳስ ግዝትም እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም። ደብረ ታቦር ላይ የተመዘዘው ብር ገና አዲስ ነበር፤ ግን አንድ ጊዜ ገበያ ወጥቶ ያሰበውን ሳይገዛ ተመለሰ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ወደ ነበረበት ሊመልሱት አይችሉም።

ጎንደር ደግሞ ሌላ ጦርነት ጠበቃቸው። የክርስቶስን ልደት በሚመለከት ሊቃውንቱ ሦስት ቦታ ተከፍለዋል፤ ሁለት ልደት የሚሉት ተዋሕዶዎች (ካሮች)፣ ሦስት ልደት የሚሉት የጸጋ ልጆችና በጎጃም የበረቱት ቅባቶች። ነገሩ የመጻሕፍት ክርክር ብቻ አልነበረም። እያንዳንዱ ወገን መስፍን አለው፣ ገዳም አለው፣ አገር አለው። ጳጳሱ የያዙት የተዋሕዶን ወገን ነው። በጎንደር የሚኖረው እጨጌና የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ደግሞ የሦስት ልደትን ወገን ይዘዋል። ጳጳሱ ሸዋን አወገዙ። በ1838 ዓ.ም. ግድም እጨጌው፣ የዓሊን እናት የእቴጌ መነንን ወገን ይዞ፣ ጳጳሱን ከጎንደር አስወጣቸው። ወደ ውቤ አገር ተመልሰው ስምንት ዓመት ያህል እዚያ ኖሩ። ብቸኛው የአገሪቱ ጳጳስ በገዛ መንበራቸው ከተማ እግራቸውን ሳያሳርፉ!

ከቋራ የተነሣው ካሣ ኃይሉ በ1845 ዓ.ም. በወርኃ ሰኔ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ሲያሸንፍ የቀረው ውቤ ብቻ ነበር። ካሣ ዙፋን እንጂ ራስነት አይበቃውም፤ ለዙፋን ደግሞ ቅብዐ ቅዱስ ያስፈልገዋል፤ ቅብዐ ቅዱሱ ያለው በውቤ አገር ባሉት ጳጳስ እጅ ነው። ስለዚህ ተደራደረ። ጳጳሱ ወደ ጎንደር ይመለሱ፤ እኔ ሃይማኖቱን አንድ አደርጋለሁ አለ። ጳጳሱም በበኩላቸው ካቶሊኮቹ ይውጡልኝ አሉ። በነሐሴ 1846 ዓ.ም. አምባ ጫራ ላይ ጉባኤ ተደረገ። ተዋሕዶ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ፤ እምቢ ያለ ጳጳሱ ያወግዙታል፣ ካሣ ይቀጣዋል። ግዝትና ሰይፍ ተጋቡ።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ውቤ ደረስጌ ላይ ተሸነፈ። እዚያው ያለችውን ደረስጌ ማርያምን ያሠራት ውቤ ነው። ሊነግሥባት አስቦ ነው ያሳነጻት ይባላል። በዚያች ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ብሩን አውጥቶ ባስመጣቸው ጳጳስ እጅ፣ ካሣ ተቀብቶ ቴዎድሮስ ተባለ። የሠራው ሰው ደግሞ ምርኮኛ ነው። ውቤ በዚያች ቀን ጳጳሱን ምን ብሎ እንዳሰባቸው መገመት አያዳግትም። እኔ ግን ብዙ አልፈርድባቸውም። ከ1761 ዓ.ም. ጀምሮ 86 ዓመት የተበጣጠሰች አገር አንድ ሰው ሊሰፋት ተነሣ። መርፌውን ለማን ይስጡት?

የሚከብደኝ ሌላው ነው። የካሣና የጳጳሱ ውል የተከፈለው በሰው ነው። አባ ያዕቆብ ታስሮ ከአገር ተባረረ። አባ ገብረ ሚካኤል ግን አገሩ ነውና የሚባረርበት ቦታ የለም። ያ እንድርያስን ሊያመጣ ግብፅ የወረደ ሊቅ በኋላ በአባ ያዕቆብ እጅ ካቶሊክ ሆኖ ነበር። አስረው ተገረፈ፤ ጳጳሱ የሚሉትን ሃይማኖት ተቀበል ተባለ፤ እምቢ አለ። በሰንሰለት ከጦሩ ጋር እየተጎተተ በነሐሴ 1847 ዓ.ም. መንገድ ላይ ሞተ። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ነበር። ሮማ እ.ኤ.አ. በ1926 ብፁዕ ብላዋለች። በረሃና ባሕር አቋርጦ ያመጣው ልጅ እግር ጳጳስ ከዚያች መርከብ ላይ ምን ብሎት ነበር ይሆን? በዚህ ጉዳይ አቡነ ሰላማን ነፃ የሚያወጣ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም። ቃላቸው ከሰይፍ ጋር ሲጋባ የወለደው ይህን ነው።

ቀጥሎ የሆነው በፍጥነት ይነገራል። በ1849 ዓ.ም. የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቄርሎስ አራተኛ ራሳቸው ኢትዮጵያ መጡ። በመንበራቸው ላይ እያሉ አገራችንን የረገጠ ሌላ ፓትርያርክ ከዚያ በፊት አልነበረም። ቴዎድሮስ ግን የግብፁ ገዥ ሰላይ ናቸው ብሎ ጠረጠራቸው፤ ከአቡነ ሰላማ ጋር አንድ ላይ አገዳቸው። ኋላ ታረቀና ፓትርያርኩ በ1850 ዓ.ም. በሰላም ተሸኙ። ከዚያ የቤተ ክርስቲያን መሬት ጉዳይ መጣ። ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የተረፈው መሬት ለገባርና ለወታደር ይሁን አለ ንጉሡ። በዚህ በኩል ቴዎድሮስ ትክክል ሳይሆን ይቀራል? ወታደሩን ከዘረፋ ለማዳን ደመወዝ ያስፈልገዋል። ጳጳሱ ደግሞ ካህናቱን ካልተከላከሉ ምናቸው ጳጳስ ነው? ሁለቱም ልክ የሆኑበት ጠብ ነው፤ እንዲህ ያለው ጠብ ደግሞ ሽማግሌ አያስታርቀውም። በ1856 ዓ.ም. ግድም ንጉሡ ጳጳሱን መቅደላ አምባ ላይ አሰራቸው።

የቀባው እጅ ታሰረ። እንግዲህ ያን ጊዜ ነው ግዝት የሚያስፈልገው፤ ግን የተፋቀ ብር ነው። አቡነ ሰላማ የዓሊን፣ የሸዋን፣ የጸጋና የቅባት ሰዎችን ሲያወግዙ የኖሩ ናቸው። ጎጃሜው ለምን ይዘንላቸው? ሸዋውስ? በቴዎድሮስ ላይ የሸፈተው ሁሉ የሸፈተው በራሱ ምክንያት እንጂ ጳጳሱ ታሰሩ ብሎ አልነበረም። መቅደላ ላይ አብረዋቸው የታሰሩት የእንግሊዝ መልእክተኛ ራሳምና ባልደረቦቹ ከጳጳሱ ጋር በድብቅ መልእክት ይለዋወጡ ነበር። በልጅነታቸው እንግሊዞች ያስተማሯቸው ሰው በመጨረሻ ዘመናቸው ሚስጥራቸውን የሚያካፍሉት እንግሊዛዊ እስረኛ ሆነ። ጥቅምት 15 ቀን 1860 ዓ.ም. እዚያው አምባ ላይ ዐረፉ። ገና ሃምሳ ዓመት አልሞላቸውም። ስድስት ወር ሳይሞላ ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ እዚያው አምባ ላይ ሽጉጡን ጠጣ።

የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲዘርፍ ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ የመጣ ሪቻርድ ሆልምስ የተባለ ሰው ከአንድ ወታደር እጅ የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ በ4 ፓውንድ ገዛ። ዘውዱን የጳጳሱ ዘውድ ነው ብሎ መዘገበው። ለንደን የሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ2010 ዓ.ም. መቅደላ 150 ዓመት ሲሞላው ለሕዝብ ያሳየው እሱን ነው። የሙዚየሙ ሰዎች እንደሚሉት ሥራው የጎንደር ዘመን፣ የእቴጌ ምንትዋብ ስጦታ ነው። ስለዚህ ከስማቸው ጋር የቀረው ዘውድ እንኳ የሳቸው አልነበረም።

ስለ ጳጳስ ሲነሣ የአዲስ አበባ ሰው ዓይኑ ፒያሳ ወዳለው ሐውልት ይሄዳል። አቡነ ጴጥሮስ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው፤ በ1921 ዓ.ም. ተሾሙ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሽስቶች ረሸኗቸው። ለጣሊያን የሚገዛ የተገዘተ ይሁን ያሉት ቃል እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ሐውልታቸው በ2005 ዓ.ም. ለባቡሩ ሥራ ሲነሣ ከተማው ሁሉ ተጨነቀ፤ በ2008 ዓ.ም. ሲመለስ እልል ተባለ። ይገባቸዋል። ግን በልቤ አንድ ነገር እላለሁ። የአቡነ ጴጥሮስ ቃል የሚሄድበት አቅጣጫ አንድ ነበር። ጠላት ከባሕር ማዶ መጥቷል፤ አፈሙዙ ከፊት ነው። አቡነ ሰላማ የት ይዙሩ? ፊታቸውን ባዞሩበት ሁሉ የሚቆመው ያጠመቁትና የካኑት ሰው ነው።

ይህን ሁሉ ሳነብ አባ በጨለማው ደረጃ ላይ ያሉኝ ነገር ይመላለስብኝ ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። አቡነ ሰላማ ዝም ቢሉ ኖሮ ጎንደር ላይ ተከብረው ቄስ ሲክኑ ይኖሩ ነበር? ምናልባት። አባ ገብረ ሚካኤልም በአልጋው ላይ ይሞት ነበር። እንዲህ ብዬ አባን ይቅር ልላቸው ተዘጋጅቼ ሳለ ነው እትዬ ያፈረሱብኝ።

ስልኩ ሲከፈት፣ በጥር 2015 ዓ.ም.፣ እናታቸው ካረፉ ከዓመት በላይ እንደሆናቸው ተሰማ። ሌሊት ነው መርዶው የተነገረው። ፎቁ ሁሉ ነቅቶ ወረደ። አግዳሚውን እየተሸከመ ያመጣው፣ ድንኳኑን የወጠረው ያ «ይገዘቱልን» ያለው ወጣት ነው። ልጃቸው ከግንባር ያልተመለሰው አባት ከእትዬ ጎን ተቀምጠው አብረው አለቀሱ። አባ መጥተው ጸሎተ ፍትሐት አደረሱ፤ ከዚያም ጥግ ይዘው ከእትዬ ጋር ለብቻቸው ብዙ ተነጋገሩ። ለካ በዚያ ሁሉ ጊዜ በየሁለት ሳምንቱ፣ ማታ ማታ፣ ሦስተኛ ፎቅ እየወጡ ያናዝዟቸው ኖሯል። እኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብዬ ስኖር አላወቅሁም።

ለቅሶው ከበረደ በኋላ እትዬን ጠየቅኳቸው። ያን ምሽት አባ ዝም ሲሉ ምን ተሰማዎት?

«የተገዘትኩ መሰለኝ» አሉኝ።

«ግን አልገዘቱም እኮ!»

«አውቃለሁ። ግን ሰው ሁሉ ሲጠብቅ ዝም አሉ። እኔ በዚያ ሌሊት የተገዘትኩ ነኝ ብዬ ነው የተኛሁት። በነጋታው አንኳኩተው ባይመጡ ኖሮ እንዲያው…» አልጨረሱትም። ቡናውን መቅዳት ቀጠሉ። ከዚያ ቀና ብለው «አንተስ? አንተም እኮ እዚያ ነበርክ» አሉኝ።

ነበርኩ። እኔም አፍ ነበረኝ። የንስሐ አባቴን ደረጃ ላይ ያስቆምኩት ሰው፣ ከደቂቃ በፊት ማኅበሩ መካከል ዳቦ እያላመጥኩ ነበር።

በግንቦት ልደታ፣ በ2016 ዓ.ም.፣ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ እንደ ወጉ ንፍሮው ተቀቀለ፣ ቄጠማው ተጎዘጎዘ። አባን ከዛፉ ሥር ለብቻቸው አገኘኋቸው። አፌን በምን እንደምከፍት ስላጣሁ የአቡነ ሰላማን ታሪክ እነግራቸው ጀመር። ደብረ ታቦርን፣ ደረስጌን፣ አባ ገብረ ሚካኤልን፣ መቅደላን። አላቋረጡኝም። መቋሚያቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። የአቡኑን ስህተት ይዘረዝራሉ፣ ወይም «አየህ፣ እኔ ያልኩህ» ይሉኛል ብዬ ነበር።

«ስንቱን አስረው ስንቱን ፈቱ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ ዞረው አዩኝ። «እሳቸውንስ፣ እዚያ አምባ ላይ ሲሞቱ ማን ፈታቸው?»

እትዬ የንፍሮውን ሰፌድ ይዘው መጡ። አባ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።